የጎጆው ጥቀርሻ ምን ይመሰክራል? ሳይለካ ያለፈው አየር ዛሬ እንዴት ይነበባል

አሽዶድ የሚኖር ሰው ይህን ያውቃል። ጠዋት ተነስቶ የሚርፔሴቱን ብረት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ቢጠርግ ጨርቁ ጠቁሮ ይመለሳል። ትናንት ተጠርጎ ነበር፤ ዛሬም ጠቁሯል። ከፊሉ ከበረሃ የመጣ አቧራ ነው። ከፊሉ ከባሕሩ የመጣ ጨው ነው። ከፊሉ ደግሞ ከመኪናው፣ ከወደቡ መርከብና ከጭነት መኪናው የወጣ ጥላሸት ነው። ጠርገን ጨርቁን እናጥባለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

አገር ቤት ግን እንዲህ አልነበረም። ከሣር ክዳኑ ሥር፣ ከምሰሶውና ከማገሩ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። አዲስ የተሠራ ጎጆ ውስጡ ገና ፈካ ያለ ነው። የቆየው ጎጆ ግን ማገሩ ጠቁሮ፣ ዘይት እንደተቀባ ያብረቀርቃል። አንድ ሽማግሌ ቤት ገብቶ ቀና ብሎ ጣራውን ካየ፣ ቤቱ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ሳይነግሩት ይገምታል። ያኔ ይህን "ጥናት" ብሎ የጠራው የለም። ግን እኮ ዛሬ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄው ይህ ነው። ዛሬ በአሽዶድም ሆነ በሌላ የእስራኤል ከተማ የአየሩን ንጽሕና ቀንና ሌሊት የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል። መሣሪያ ግን የሚለካው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውስ? እናቶቻችን በወለቃ፣ በስሜን፣ በትግራይ እንጀራ ሲጋግሩ የተነፈሱት አየር ምን ይመስል ነበር? ከመቶ ዓመት በፊት፣ ከሺህ ዓመት በፊትስ? ትናንት የነፈሰ ነፋስ ዛሬ ተይዞ አይለካም። ጥላሸቱ ግን ወድቆ የቀረበት ቦታ አለ። ሊቃውንቱ የሚሄዱት ያንን ፍለጋ ነው። ነገሩ ደግሞ የታሪክ ብቻ አይደለም፤ የናንተ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ጤናም አለበት። ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥላሸት ለምን አይጠፋም?

እርጥብ እንጨት ሲነድ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። ነበልባሉ ይደክማል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ዓይን ያለቅሳል። እሳቱ በቂ አየር ወይም በቂ ሙቀት ሲያጣ፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሁሉም አይቃጠልም። ሳይቃጠል የቀረው በጣም ደቃቅ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጥላሸት የምንለው እሱን ነው። አንዷ ቅንጣት ብቻዋን በዓይን አትታይም። በድስቱ ቂጥ ላይ ስትከማች ነው የምናያት።

ካርቦን በቀላሉ አይበሰብስም፣ በውኃ አይሟሟም፣ ፀሐይም ቀለሙን አያስለቅቀውም። ይህን የድሮ ጸሐፊዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በብራና ላይ ለሚጻፈው ግዕዝ ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸት ነበር። ብዙ መቶ ዓመት ያለፈው ኦሪት ዛሬም ተገልጦ የሚነበበው ጥላሸት ስለማይጠፋ ነው። ከብራናው ያልጠፋ ጥላሸት ከሐይቅ ጭቃ፣ ከበረዶ፣ ከወፍ ላባም አይጠፋም።

ወፎቹ የጠበቁት ምስክርነት

በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ሙዚየም በመሳቢያዎቹ ውስጥ ብዙ ሺህ የደረቁ ወፎች ያስቀምጣል። ከመቶ ዓመት በፊት የተያዙ ሁሉ አሉ። ሼን ዱቤይና ካርል ፉልድነር የተባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች አንድ ነገር ልብ አሉ። የድሮዎቹ ወፎች ሆዳቸው የጠቆረ ነው፤ የቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ ነጭ ናቸው። ወፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተለየው የኖሩበት አየር ነው።

ሁለቱ ሰዎች ከ1,300 በላይ ወፎችን አንድ በአንድ ፎቶ አነሱ። ወፎቹ በ135 ዓመት ውስጥ የተሰበሰቡና ፋብሪካ በበዛበት የአሜሪካ ክፍል የኖሩ ነበሩ። ከዚያ ላባው ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ለኩ። ጥላሸት የበዛበት ላባ ብርሃን ይውጣል፤ ንጹሑ ይመልሳል። ወፎቹ በየዓመቱ ላባቸውን ስለሚቀይሩ፣ በላባው ላይ ያለው ጥላሸት የሚናገረው የዚያን ዓመት አየር ነው። የአሥር ዓመት ክምችት አይደለም።

ውጤቱ በ2017 ታተመ። ጥላሸቱ ከሁሉም የበዛው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጥቶ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ወፎቹ ነጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ሲበዛ እንደገና ጠቆሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ቤቱን በጋዝ ማሞቅ ሲጀምርና የአየር ሕግ ሲወጣ ቀስ በቀስ ጸዱ። የአገሩን ድህነት፣ ጦርነትና ሕግ ወፎቹ በሆዳቸው መዝግበው አስቀመጡት ማለት ነው።

በረዶና ጭቃ እንደ መጽሐፍ ገጽ

ከወፎቹ ቀደም ብሎ በ2007 ጆ ማኮኔል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ዋልታ አጠገብ ካለችው ከግሪንላንድ የመጣ ተመሳሳይ ነገር አሳይቶ ነበር። እዚያ በየዓመቱ የሚወርደው በረዶ ሳይቀልጥ በላይ በላዩ ይደራረባል። ቀጥ አድርገው ሰርስረው ረዥም የበረዶ ዓምድ ያወጣሉ፤ ከላይ ወደ ታች ሲሄዱ ዘመኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከ1850 ወዲህ ጥላሸቱ እየጨመረ ሄዶ በ1906 እና በ1910 መካከል ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቀነሰ። ወፎቹ በምድር የተናገሩትና በረዶው በሩቅ የተናገረው ገጠመ። በሽምግልና እንደምናውቀው፣ ያልተገናኙ ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ከሰጡ ነገሩ ይታመናል።

በረዶ በሌለበት አገር ሐይቅ አለ። ከአየር የወረደው ብናኝ በውኃው ላይ ያርፋል፣ ቀስ ብሎ ይሰጥማል፣ ከታች ደለል ሆኖ ይነጠፋል። የዘንድሮው በአምናው ላይ፣ የአምናው በካቻምናው ላይ ይተኛል። ተመራማሪዎች ከጀልባ ላይ ቱቦ ወደ ጭቃው ይሰዱና ሳያበጣጥሱ ያወጡታል። ከዚያ እንደ ዳቦ በስሱ ይቆርጡታል።

የእያንዳንዱ ቁራጭ ዕድሜስ እንዴት ይታወቃል? ከአየር የሚወርድ አንድ ተፈጥሯዊ ጨረር ያለው የእርሳስ ዓይነት አለ፤ በ22 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ምን ያህል እንደቀረ ለክቶ ዕድሜውን ማስላት ይቻላል። ታላላቆቹ መንግሥታት የኒውክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ የተበተነው ብናኝም በ1963 አካባቢ በጭቃው ውስጥ ምልክት ጥሏል። እሱን እንደ ችካል ይጠቀሙበታል።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚሠራው ኒል ሮዝ በዚህ ጭቃ ውስጥ አንድ የተለየ ጥላሸት ለብዙ ዓመታት ሲቆጥር ኖሯል። ክብ ክብ የሆነች፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያላት ጥቁር ኳስ ናት፤ የምትታየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ይህች ኳስ ከጉልቻ እሳት አትወጣም፤ ከእንጨትም ከኩበትም አትወጣም። የምትወለደው የድንጋይ ከሰል ወይም ማዙት በታላቅ ሙቀት ሲቃጠል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ማመንጫ። ስለዚህ በጭቃው ውስጥ እሷ ከተገኘች "ይህ የማጀት ጭስ ነው" ማለት አይቻልም። በዓለም ዙሪያ ካሉ ሐይቆች የተሰበሰበው ደለል እንደሚያሳየው ከ1950 አካባቢ ጀምሮ ቁጥሯ በድንገት ጨምሯል።

የባሌ ሐይቅና የአስታ እሳት

አገራችንም ከዚህ ምርመራ አልቀረችም። በባሌ ተራሮች ላይ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ጥንት የተራራ በረዶ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ከዚህ ሐይቅ የወጣው ደለል ከ10,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። በውስጡ ያለውን የከሰል ብናኝ ቆጥረው፣ ግራሲየላ ጊል-ሮሜራና ባልደረቦቿ በ2019 የተራራውን የእሳት ታሪክ አሳተሙ።

ስሜንን የሚያውቅ ሰው አስታን ያውቃል። ደጋው ጫፍ ላይ የሚበቅለው፣ ሲደርቅ ቶሎ የሚቀጣጠለው ቁጥቋጦ ነው። ባሌም ይኸው አስታ አለ። ጥናቱ እንደሚለው ተራራው በሺህ ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተቃጥሏል፤ አስታውም ደጋግሞ አቆጥቁጧል። እረኞች ለግጦሽ ብለው አስታ ሲያቃጥሉ ያየ ሰው በነገሩ አይገረምም። ተመራማሪው ከጭቃ ያወጣውን፣ እረኛው ከአባቱ ሰምቶታል።

የቦሌ ተመልካቾች

ለከተማ ደግሞ ሌላ ዓይነት መዝገብ አለ። በግንቦት 1991፣ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። ያን ቀን በቦሌ አስፋልት ላይ የቆመ ሁሉ አውሮፕላኑን እንጂ ሌላ ነገር አላየም። ነገር ግን በዓለም ባሉ ብዙ አየር ማረፊያዎች፣ በየቀኑና በየሰዓቱ፣ አንድ ተመልካች ቆሞ ሩቅ የሚያይበት ሥራ አለ። ያ ተራራ ይታያል ወይ? ያ ሕንጻ ይታያል ወይ? ምን ያህል ኪሎ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል? አብራሪው ይህን ሳያውቅ አይነሳም፣ አያርፍም። ቁጥሩ ይጻፋል፤ መዝገቡም ይቀመጣል።

አየሩ ላይ ጥላሸትና ብናኝ ሲበዛ ሩቁ ይጋረዳል። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጂት ሲንግና ፍራንሲስ ፖፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ላይ ተመሥርተው የአዲስ አበባን፣ የናይሮቢንና የካምፓላን የእይታ ርቀት መዝገብ ከ1974 እስከ 2018 ድረስ መረመሩ። ያኔ በነዚህ ከተሞች ብናኙን ራሱን የሚለካ መሣሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሩቅ የሚያይ ዓይን ግን ነበረ።

በ2020 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። በአዲስ አበባ የእይታው ርቀት በ34 በመቶ ቀንሷል። ከዚህ ተነስተው ሲያሰሉ በአየሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከ1970ዎቹ ወዲህ በ62 በመቶ ጨምሯል። በናይሮቢና በካምፓላ የባሰ ነው፤ እዚያ እይታው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ይህ ቁጥር የጥላሸትን ብቻ አይደለም፤ አቧራውም ሌላው ብናኝም አብሮ አለበት። ቢሆንም "ድሮ ከተማው ላይ ሆነን እንጦጦን ጥርት አድርገን እናይ ነበር" የሚል ሽማግሌ ዝም ብሎ የወጣትነቱን ዘመን ማሞገሱ ላይሆን ይችላል። መዝገቡ ቃሉን ይደግፍለታል።

ከማዙት እስከ ጋዝ፤ የአሽዶድ ጥላሸት

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ እንመለስ። አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብዙም ሳይቆይ በሰሜን በኩል የኤሽኮል ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ። በ1965 ወደቡ ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያው መጣ። በዘመቻ ሙሴ በ1984 እና በ1985፣ በዘመቻ ሰለሞን ደግሞ በ1991 የመጣ ሰው አሽዶድ ሲገባ፣ የኤሽኮል ጭስ ማውጫዎች ገና የማዙት ጭስ ይተፉ ነበር። በ2004 ከባሕር ሥር የወጣው የተፈጥሮ ጋዝ መጀመሪያ የገባው ወደዚሁ ማመንጫ ነው። ጋዝ ከማዙት ይልቅ በጣም ያነሰ ጥላሸት ይሰጣል። ከዚያ በ2008 ክኔሴት የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ፤ ከ2011 መጀመሪያ አንስቶም ሥራ ላይ ዋለ።

ያቺን ክብ ኳስ እናስታውስ። ማዙት በታላቅ ሙቀት ሲነድ ትወለዳለች፤ ወድቃም በጭቃ ውስጥ ትቀራለች። ማመንጫ ያለበት አገር ሁሉ የማዙቱን ዘመንና የጋዙን ዘመን የሚለይ ምልክት በአፈሩ ጽፎ ያስቀምጣል። ሰው ቢረሳው ጭቃው አይረሳውም።

በዚህ አገር ጥላሸት እንዲህ በአንድ ሌሊት ሲወጣ ማየት የፈለገ ደግሞ የላግ ባኦሜርን ማግሥት ይጠብቅ። ልጆች በየሜዳው ደመራ ያነዳሉ፤ የአየር መለኪያ ጣቢያዎቹ በዚያች ሌሊት ቁጥሩ ሽቅብ ሲዘል ይመዘግባሉ። ጠዋት ልብስ ከሚርፔሴት ላይ ያልሰበሰበ ሰው መለኪያ አያስፈልገውም፤ ሽታው ይነግረዋል።

ከጥርስ ላይ የተገኘ ጭስ

ከአሽዶድ ብዙም ሳይርቅ፣ በሮሽ ሃዓይን አጠገብ፣ ቄሴም የሚባል ዋሻ አለ። በ2000 መንገድ ሲሠራ የተገኘ ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዎቹ አቪ ጎፈርና ራን ባርካይ እዚያ ቆፍረው፣ ከ300,000 እስከ 400,000 ዓመት ገደማ የሆነው የጥንት ሰው ጥርስ አግኝተዋል። በጥርሱ ላይ የተጋገረው ድድር ቆሻሻ፣ የጥርስ ሐኪም ዛሬ የሚፍቅልን ዓይነት፣ በካረን ሃርዲ መሪነት ተመረመረና ውጤቱ በ2015 ወጣ። በውስጡ ደቃቅ የከሰል ቅንጣት ተገኘ። እነዚያ ሰዎች ዋሻው ውስጥ እሳት አንድደው ሥጋ ሲጠብሱ ጭሱን ሲተነፍሱ ኖረዋል ማለት ነው።

ይህን ስንሰማ ወደ ራሳችን እንመለስ። መዝገቡ በሐይቅና በበረዶ ብቻ አይደለም ያለው። የሰው አካልም መዝገብ ነው።

"ያጨሳሉ?"

እዚህ አገር ሳል የያዘው ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሽማግሌ ኩፓት ሆሊም ይሄዳል። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ "ያጨሳሉ?" የሚል ነው። እናቶቻችን "ኧረ በጭራሽ፣ እንዴት ተደርጎ!" ብለው ይመልሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሲጋራ ነክተው አያውቁም። ሐኪሙም "አያጨሱም" ብሎ ጽፎ ያልፋል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው።

ሌላኛው ግማሽ በጎጆው ጣራ ላይ የቀረው ነው። መስኮት በሌለው ማጀት፣ ጉልቻ አጠገብ ተጎንብሶ፣ ሕፃን በጀርባ አዝሎ፣ በእንጨትና በኩበት እሳት ሃያ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የጋገረች እናት ያንን ጥቀርሻ በሳንባዋም ተቀብላለች። ብረት ቀጥቅጦ የኖረ አባትም ከሰል አቀጣጥሎ በወናፍ ሲያናፋ ውሏል። ሸክላ የሠራችም ሸክላዋን ስትተኩስ ጭሱ ውስጥ ቆማለች። ማጨስ የማያውቁ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በማጀት ጭስ ብቻ የመተንፈሻ ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሊይዛቸው እንደሚችል ሕክምናው ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ይገምታል።

እዚህ ተወልዶ በጋዝና በኤሌክትሪክ ምድጃ ያደገ ሐኪም ይህን ለመጠየቅ ላያስብ ይችላል። በዓይኑ ያላየውን ጎጆ ከየት አምጥቶ ይጠይቅ? ስለዚህ ሳይጠየቁ መናገር ነው። "አላጨስም፤ ግን ይህን ያህል ዓመት በእንጨት ጭስ ውስጥ አብስያለሁ" ማለት ይበቃል። ማጀቱ መስኮት ነበረው ወይ፣ የሚነደው እንጨት ነበር ወይስ ኩበት፣ በየቀኑ ስንት ሰዓት፣ ይህንን መጨመር ደግሞ የተሻለ ነው። ዕብራይስጡ ካስቸገረ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዞ መሄድ፣ ወይም በወረቀት ላይ አጽፎ ማሳየት ይቻላል። ሐኪሙ ይህን ከሰማ ቱቦ ውስጥ በኃይል የሚተነፈስበትን ቀላል የሳንባ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። አያምም፤ መርፌም የለውም። በጭስ ያደገ ሁሉ ታማሚ ነው ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን ሕመም ካለ ስሙ ቢታወቅ ይሻላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎቻችን እዚህም ቡና ስናፈላ ከሰል እናቀጣጥላለን፣ ዕጣንም እናጤሳለን። ደስ ይላል፣ ይተውም አንልም። ግን የጎጆው ሣር ክዳን ጭስ ያሳልፍ ነበር፤ የአሽዶድ ቤት ግን በክረምት መስኮቱ ከተዘጋ ጭሱ የሚወጣበት የለውም። ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው፣ ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። መስኮቱን ከፈት ማድረግ፣ ከሰሉን በሚርፔሴት ላይ ማቀጣጠል፣ ፍሙን የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አለማሳደር ተገቢ ነው። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። ለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሳንባ ግን ጉልቻው ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር መለዋወጡ ብዙ ጠቅሟል።

ሊቃውንቱ ያለፈውን አየር ለማወቅ ወፍ ፎቶ ያነሳሉ፣ በረዶ ይሰረስራሉ፣ የሐይቅ ጭቃ ይቆርጣሉ። ይህን የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ስለሌለ ነው። የወለቃና የስሜን ማጀት ግን ምስክሮቹ በሕይወት አሉ፤ አሽዶድ ውስጥ፣ በየሮቫው፣ በየሽማግሌዎች ሞዓዶኑ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። የልጅ ልጆቻችሁ ሲመጡ የጎጆውን ጣራ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩት።